ተራ ቁጥር አራት

ኮምቦልቻ፣ መስከረም 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለዘይቱና፤

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላህ። አላህ በሰው አገር ጤናሽንም ዲንሽንም ይጠብቅልኝ። ዶሃ ላይ ሙቀቱ በረድ ማለቱን ከእናትሽ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ጣቶቼ ስልክ ላይ ፊደል መልቀም ስለማይሆንላቸው እንደ ልማዴ በወረቀት ጽፌ ፎቶውን ልኬልሻለሁ። አንቺም በእጅሽ ጽፈሽ መልሺልኝ። ስልክ ላይ የተጻፈ ነገር የጻፈውን ሰው አያሳይም።

የቀዶ ሕክምና ዋርዱን በኃላፊነት ከያዝኩ ዘንድሮ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ሃያ ስምንት አልጋ አለኝ። አንሶላው ሳይወጠር፣ ወለሉ በበረኪና ሳይታጠብ የጠዋት ጉብኝት አይጀመርም። ከደሴ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ «ይሄ የማን ዋርድ ነው?» ሳይል አይወጣም። ጉራ ከመሰለሽም ይምሰልሽ፤ ሠርቼ ነው የምጎርረው።

አሁን ወደ ተናደድኩበት ጉዳይ ልግባ። ምንይሉ የሚባል ነርስ ተመድቦልናል። የደሴ ዙሪያ ገበሬ ልጅ ነው፤ ከተመረቀ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። ባለፈው ሰኞ የጠዋት ስብሰባ ላይ፣ ቀዶ ሐኪማችን ዶክተር ጸጋው ባለበት ተነሣና፣ በሽተኛን ከቀዶ ሕክምና በፊት በምላጭ መላጨት ቁስሉ እንዲያመረቅዝ ያደርጋል እንጂ አይከላከልም፣ ብዙ አገር ትቶታል፣ ጥናቱም ይኸውላችሁ ብሎ ወረቀት ዘረጋ። ያንን ወረቀት ያተመው በእኔ ቢሮ ቀለም ነው። እኔ ይህን ሥራ ስጀምር እሱ ጥርስ አላበቀለም ነበር። በዋርዴ ዋዜማውን ያልተላጨ በሽተኛ የቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ አያውቅም። እኔንም ያስተማሩኝ፣ አንቺንም ያስተማርኩሽ እንዲህ ነው። ስለዚህ ልጁን ከዋርዱ አንሥቼ ቀጠሮ መስጫው መስኮት ላይ አስቀመጥኩት። እዚያ ሆኖ ወረቀት ያድል።

ሁለት ነገር ልጠይቅሽ። አንደኛ፣ ከዚያ ጥሩ ምላጭ በካርቶን ላኪልኝ፤ የእዚህ ገበያው ደንዝዞ ቆዳ ይቦጭቃል። ሁለተኛ፣ እናትሽ የማህፀን እጢዋ እንዲወጣላት ለኅዳር 16 ቀጠሮ ተይዞላታል። ከቢስቲማ ዋዜማውን ትመጣለች። ደውለሽ አበርቺያት። የምትተኛው እኔ ዋርድ ነውና አንቺ ሐሳብ አይግባሽ።

ዱዓሽ አይለየኝ።
አጎትሽ እንድሪስ

*

ዶሃ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አጎቴ፤

ወአለይኩሙ ሰላም ወራህመቱላህ ወበረካቱ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ ጉልበትዎን አያሳጣብኝ። የእጅ ጽሑፍዎን ባየሁ ቁጥር እርስዎ ቤት ሆኜ የተማርኩባቸው አራት ዓመታት ይመጡብኛል። ያኔ በቀይ እስክሪብቶ ያረሙልኝን ደብተር እስከ ዛሬ አልጣልኩትም።

ምላጩን አልልክም። አይቆጡኝ፤ ከተቆጡም እስከ መጨረሻው ያንብቡና ይቆጡ።

በዚህ አገር በሠራሁባቸው ስምንት ዓመታት ዋርድ ውስጥ ምላጭ አይቼ አላውቅም። ምላጭ ዓይን የማያየው ጭረት ቆዳ ላይ ይተዋል። ዋዜማውን የተላጨ ሰው፣ ጠዋት ቢላዋ እስኪያርፍበት ድረስ እዚያ ጭረት ውስጥ ጀርም ሲራባ ያድራል። ፀጉሩ ቀዶ ሐኪሙን የማያስቸግረው ከሆነ እንተወዋለን። ካስቸገረው በዚያው ጠዋት በፀጉር ማሽን አሳጥረን እንቆርጠዋለን። ልጁ የተናገረው እውነት ነው፤ እኔም መጀመሪያ የሰማሁ ቀን እንደ እርስዎ ተቆጥቻለሁ።

አንድ ነገር ላስታውስዎ። ለልምምድ ዋርድዎ የመጣሁ ሰሞን የግሉኮሱን ጠብታ በዓይኔ አይቼ «ደህና ነው» አልኩዎት። የእጅ ሰዓትዎን ፈትተው እኔ እጅ ላይ አሰሩና በሽተኞቹ ሁሉ እያዩኝ ሙሉ ደቂቃ አስቆጠሩኝ። ሠላሳ የመሰለኝ አርባ ሰባት ሆኖ ተገኘ። «ዓይንሽ ሐኪም አይደለም፤ ቁጠሪ» አሉኝ። እስከ ዛሬ እየቆጠርኩ አለሁ።

እርስዎስ አጎቴ፣ ምላጩን ቆጥረውታል ወይስ በዓይንዎ አይተው ነው ደህና ነው የሚሉት?

ለእረፍት በሚመጣ ሰው እጅ አራት የፀጉር ማሽን ልኬያለሁ፤ ጫፋቸው እየወለቀ የሚቀቀል ነው። አንድ ልመና ብቻ አለኝ፤ እናቴን በምላጭ እንዳያስነኩብኝ።

በእርስዎ የምትኮራ
ዘይቱና

*

ኮምቦልቻ፣ ጥቅምት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለዘይቱና፤

ሰላምታዬ እንደ ወትሮው ነው፤ አላህ ይጠብቅሽ። ሦስት ሳምንት የዘገየሁት ኔትወርክ ጠፍቶ አይደለም፤ ተቆጥቼ ነው። የገዛ ሰዓቴን መልሰሽ እኔው እጅ ላይ አሰርሽው። ሌላ ሰው ቢሆን መልስ አልጽፍለትም ነበር።

ከዚያም ቆጠርኩ። በየቀኑ የሚታጠበውን ቁስል ሁሉ የምመዘግብበት ደብተር እንዳለኝ ታውቂያለሽ። ማን አመረቀዘበት፣ በስንተኛው ቀን፣ ስፌቱ ተፈታ ወይስ አልተፈታም፣ ሁሉም አለበት። የጻፍኩትን ግን ደምሬው አላውቅም ነበር፤ ይህን ስጽፍልሽ አፍሬ ነው። ባለፉት ስድስት ወራት ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው በቢላዋ ታክሟል። ሃያ ሰባቱ አመርቅዞባቸዋል፤ ከመቶ ወደ አሥራ ሦስት መሆኑ ነው። ወለሉ የሚያበራው ዋርዴ ይህ ነው።

ሰኞ ጠዋት ምላጮቹን በሙሉ ሰብስቤ ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩ፤ ቁልፉ ኪሴ ነው። ከኅዳር አንድ እስከ ታኅሣሥ ሠላሳ፣ ሁለት ወር ሙሉ እዚህ ዋርድ ምላጭ የያዘ ሰው ከእኔ ጋር አይሠራም አልኩ። ዶክተር ጸጋው ፀጉር መሀል እንደማይሰፋ ተናገረ። የመጀመሪያውን በሽተኛ በማሽን አሳጥሬ አሳየሁትና ጓንቱን አጠለቀ። ከእኔ ጋር አብራ ያረጀችው ነርስ አልታየች ማሽኑን እያገላበጠች አይታ፣ «ጋሼ እንድሪስ፣ እንግዲህ ፂም የሚያስተካክል ሲመጣ ሂሳቡን ለማን ልስጥ?» ብላ ዋርዱን በሳቅ ገደለችው። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ይሞታልና፣ ጄነሬተሩ በሚነሣበት ሰዓት አራቱም ቻርጅ እንዲደረጉ ስም እየጻፍኩ ተራ አውጥቻለሁ። የዘለለ ሰው እኔን ያገኛል።

ነገር ግን ውርርዱ ሁለት ወገን አለው። በሁለት ወር ቁጥሩ ካልወረደ ምንይሉ በዚያው ስብሰባ፣ ሁሉም ባለበት ቆሞ ይቅርታ ይጠይቀኛል። ይህን በሰው ፊት ተናግሬያለሁ።

እናትሽን ማንም በምላጭ አይነካብሽም፤ ወላሂ።

አጎትሽ እንድሪስ

*

ዶሃ፣ ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አጎቴ፤

አላህ ያስደሰቱኝን ያህል ያስደስትዎ። የቆለፉትን ሳጥን ለሥራ ባልደረቦቼ ነገርኳቸው። አንዷ ፊሊፒናዊት ነርስ «እንዲህ ያለ አጎት ከየት ይገዛል?» አለችኝ።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ቁጥሩ ካልወረደ ይቅርታ የሚጠይቀው ምንይሉ ነው። ቢወርድስ ማን ነው?

እናቴ ከአልጋ እንደወረደች በሁለት መስመር ያሳውቁኝ።

ዘይቱና

*

ዶሃ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፤

እንዴት ሰነበቱ? ለቀደመው ደብዳቤዬ መልስ አላገኘሁም። እናቴ ስትደውልልኝ «ደህና ነኝ፣ እንድሪስ ቤት አረፍ ብዬ ነው» ትለኛለች። ከኋላዋ ግን ጎማው የሚያለቅስ የመድኃኒት ጋሪ እሰማለሁ። ያንን ጋሪ አውቀዋለሁ፤ እኔም ገፍቼዋለሁ።

እውነቱን የምሰማው ከእርስዎ ብቻ ነው።

ዘይቱና

*

ኮምቦልቻ፣ ጥር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለዘይቱና፤

አላህ ሰብሩን፣ ትዕግሥቱን ይስጥሽ፤ ለእኔም ይስጠኝ። መጀመሪያ መልካሙን ልንገርሽ። እናትሽ ድናለች፤ ትናንት ቢስቲማ ገብታለች። እስክትድን ድረስ ግን አርባ አንድ ቀን ዋርድ ተኝታለች፤ ከዚያም አሥር ቀን እኔ ቤት አርፋለች። በአምስተኛው ቀን ቁስሏ ቀላ፣ በሰባተኛው መግል ያዘ፤ ሁለት ስፌት ፈታንላት። ቁስሏን በየቀኑ ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ ለማንም አልሰጠሁም። እንዳልነግርሽ አስማለችኝ። የእሷ መሐላ እንዳለ ሆኖ፣ እኔም መጻፍ አቅቶኝ ነበር። «በእኔ ዋርድ» ብዬሽ ነበር።

በዋርዱ ምላጭ አልነካትም። ሲያዘጋጇት በሩ ላይ የቆምኩት እኔ ነበርኩ።

የሁለቱን ወር ሂሳብ ይኸውልሽ። በቢላዋ የታከመው ሰባ አንድ፣ ያመረቀዘበት ዘጠኝ። ከመቶ አሥራ ሦስት ገደማ፤ ያው ነው። በነጥብ እንኳ ፈቅ አላለም። ጥናታችሁ ዶሃ ላይ ይሠራ ይሆናል፤ ኮምቦልቻ ላይ አልሠራም። ስብሰባው ጥር 12፣ ሰኞ ነው። ምንይሉ እንደተባለው ይቅርታ ይጠይቀኛል፤ እኔም ሳጥኑን እከፍታለሁ።

ይህን ስጽፍልሽ ደስ ብሎኝ እንዳይመስልሽ።

እንድሪስ

*

ዶሃ፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አጎቴ፤

ሰላምታዬን በአጭሩ ይቀበሉኝ፤ ሰኞ ሳይደርስብኝ ነው የምጽፈው። የእናቴን ቁስል በእጅዎ ስላጠቡልኝ አላህ በዱንያም በአኼራም ይክፈልዎ። የቀረዎት የምለው ነገር የለም።

ደብዳቤዎን እንዳነበብኩ እናቴ ጋ ደወልኩ። ቁጥሩ ለምን እንዳልወረደ አንድ ጥርጣሬ ገብቶኝ፣ ቤቷ ሳለች፣ ከመምጣቷ በፊት ምን እንዳደረገች ጠየቅኋት። ሳታፍር ነገረችኝ።

«ተላጨሁ ነዋ። ቢስቲማ ካለው ሱቅ አዲስ ምላጭ ገዝቼ።»

«ማን ተላጪ አለሽ?»

«ወረቀቱ ነዋ! ደግሞስ ባይልም፣ ወንድሜ ዋርድ እንደ ጫካ ሆኜ ልግባለት? ሴት ልጅ አይደለሁ?»

ወረቀቱን ፎቶ አንሥታ እንድትልክልኝ ለመንኳት። የቀጠሮ ወረቀት ነው፤ ለእርስዎም ልኬልዎታለሁ። የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ ስለሆነ ጠርዙ ጠቁሯል፤ ቢሆንም ይነበባል። ተራ ቁጥር አንድ፣ ገላዎን ይታጠቡ። ሁለት፣ አስታማሚ ይዘው ይምጡ። ሦስት፣ ጌጣጌጥ ቤት ይተዉ። አራት፣ «ከዋዜማው ቀደም ብለው በንጹሕ ምላጭ ተላጭተው ይምጡ።»

አጎቴ፣ ጽሑፉን አወቅኩት። እግሩ ከመስመር በታች የሚወርድ «ም» የሚጽፍ ሌላ ሰው አላውቅም።

ዋርዱ ውስጥ ያለውን ምላጭ ቆልፈዋል። ሰዎቹ ግን ከቤታቸው ተላጭተው ነው የሚመጡት። ፈተናው ገና አልተጀመረም ማለት ነው።

ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። የሰኞውን ስብሰባ ለእርስዎ ትቼዋለሁ።

ዘይቱና

*

ኮምቦልቻ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለዘይቱና፤

አላህ ዓይንሽን ይባርከው። ወረቀቱን የጻፍኩት ዋርዱን በተረከብኩ በሁለተኛው ወር ነው። ደሴ ወጥቼ በገዛ ገንዘቤ ሁለት መቶ ቅጂ አባዛሁ፤ ከዚያ ወዲህ ያልቃል፣ ይባዛል። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ በሽተኛው ሁሉ የእኔን ትእዛዝ ይዞ ቤቱ ገብቷል። እህቴም ታዝዛለች። እኔ ደግሞ ወረቀቱን ጨርሶ ረስቼ፣ ተላጭቶ የሚመጣውንም ንጹሕ ሰው ነው እያልኩ፣ ዋርዴ በር ላይ ቆሜ ምላጭ ስጠብቅ ነበር።

ሰኞ ሁሉም መጥቶ ነበር። የምንይሉን ይቅርታ ለማየት ከወሊድ ክፍል ድረስ የመጣ አለ። ልጁ ነጭ ጋውኑን ተኩሶ፣ ፊቱ ዐመድ መስሎ ተነሣ። ተቀመጥ አልኩት። ወረቀቱን አውጥቼ ከተራ ቁጥር አንድ እስከ አራት አነበብኩላቸው። ከዚያም ጽሑፉ የእኔ መሆኑን፣ ውርርዱንም እኔው ሳላውቅ እንዳበላሸሁት፣ የተዘጋጀውን ይቅርታ እሱ ሳይሆን እኔ እንደምጠይቅ ተናገርኩ። ጠየቅሁትም፤ በስሙ ጠርቼ፣ ቆሜ።

ከወሊድ ክፍል የመጡት ቀድመው ወጡ። እንዴት እንደከበደኝ አልነግርሽም።

ከስብሰባው በኋላ ልጁን ቢሮዬ ጠራሁት። ከሦስት ወር በላይ መስኮቱ ላይ ተቀምጦ ያንን ወረቀት ሲያድል ተራ ቁጥር አራትን አላየውም ነበር ወይ አልኩት።

«በሁለተኛው ቀን አይቼዋለሁ» አለ።

«ታዲያ አፍ የለህም?»

«ሁለት ጊዜ መጥቼ በርዎን አንኳኩቻለሁ ጋሼ። ሁለቴም 'አልጠራሁህም' አሉኝ።»

አስታወስኩት። አንዱን ቀን በደንብ አስታውሰዋለሁ፤ ያንን ደብተር እየደመርኩ ነበር።

ልጁ ከነገ ጀምሮ ዋርዱ ይመለሳል። የቢሮዬ በር መቆለፊያ ተበላሽቷል ብዬ አስወልቄዋለሁ። አልተበላሸም።

አሁን አዲስ ወረቀት እንጽፋለን፤ ነገር ግን ቀላል አልሆነልንም። አትላጩ ብንል ሴቶቹ ነውር ይሉታል፤ ወንዶቹም መላጨት የነቢዩ ሱና ነው ይላሉ። ስለዚህ ምንይሉን ይዤ፣ እኛ ሰፈር መስጊድ የሚያሰግዱት ሸህ ጣሀ ዘንድ ሄድኩ። ነገሩን እስከ ጫፍ ሰሙንና ሳቁ። «መላጨት እስከ አርባ ቀን ድረስ ሰፊ ጊዜ አለው፤ ለአንድ ሳምንት ማን አስጨነቃችሁ? ጁሙዓ እኔው እናገረዋለሁ» አሉ። ለሴቶቹ ደግሞ አልታየች ራሷ መስኮቱ ላይ ተቀምጣ በጆሯቸው ትነግራቸዋለች። ምን እንደምትላቸው እኔ አላውቅም፤ እየሳቁ ነው የሚሄዱት።

ሁለቱን ወር ከየካቲት አንድ እንደገና እጀምራለሁ። እስከዚያ ከእኔ ደብዳቤ አትጠብቂ።

አጎትሽ እንድሪስ

*

ዶሃ፣ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አጎቴ፤

አላህ ማዕረግዎን ከፍ ያድርገው። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ በሦስተኛው ለእናቴ በስልክ አነበብኩላት። «ቆሜ» የሚለው ጋ ስደርስ አስቆመችኝ። «እንድሪስ? ቆሞ? ወላሂ በይ» አለች። ወላሂ አልኳት። «በይ ድገሚልኝ» አለች።

እኔ እዚህ ትልልቅ ሐኪሞች ሲሳሳቱ አይቻለሁ። ስህተታቸውን ከተራ ቁጥር አንድ ጀምሮ ያነበበ ግን አላየሁም።

እጠብቃለሁ። አልቸኩልብዎትም።

ዘይቱና

*

ኮምቦልቻ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለዘይቱና፤

አሰላሙ አለይኩም። አላህ ያሰብሽውን ያሳካልሽ፤ ለአገርሽም ያብቃሽ።

ከየካቲት አንድ እስከ መጋቢት ሠላሳ በቢላዋ የታከመው ሰማንያ ሦስት። ቤቱ ተላጭቶ የመጣ አሥራ አንድ፤ ከእነሱ ሁለቱ አመርቅዞባቸዋል። ሳይላጭ የመጣ ሰባ ሁለት፤ ከእነሱ ሁለቱ። አንብበሽ ስትጨርሺ ደግመሽ አንብቢው። እኔ ሦስት ጊዜ ደመርኩት፤ ምንይሉ ደግሞ እኔ ሳላየው ለብቻው ደመረው። ያው መጣ።

ሁሉም ከምላጩ ነው አልልም። በዚያው ሰሞን ከቀዶ ሕክምና በፊት የሚወጋው መድኃኒት በሰዓቱ እንዲሰጥ ስለጨቀጨቅኩ የእሱም እጅ ይኖርበታል። የሰዉም ቁጥር ገና ትንሽ ነው። ይህን ማስታወሻ ከሂሳቡ ሥር ያስጻፈኝ ምንይሉ ነው፤ ያለዚያ አልፈርምም አለኝ። አስቢው፤ እኔን! መጀመሪያ ልቆጣ ነበር፤ ከዚያ ግን ይህ ልጅ ከእኔ ዋርድ የወጣ ነው ብዬ ደረቴ ተነፋ።

ባለፈው ሳምንት ደሴ ከሚገኝ ሆስፒታል ሦስት ነርሶች ሊያዩን መጡ። ወለሉን ማንም አላየልኝም። ደብተሩን ነው የጠየቁኝ። አልታየች ማሽኑን እያሳየቻቸው «ፂም በነፃ ነው» ትላቸዋለች። እናትሽ ከቢስቲማ ለጎረቤቷ ቀጠሮ ልታስይዝ መጥታ ነበርና፣ መስኮቱ ላይ ቆማ ለማታውቃቸው ሴቶች ሁሉ ሆዷን እየመታች «እኔን ያየ ይቀጣ፤ ምላጭ እንዳትነኩ» ስትል ሰማኋት። ለአልታየች ረዳት ሆና ልትቀጠር ምንም አልቀራት።

አዲሱን ወረቀት ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ጽሑፉ የምንይሉ ነው፤ የእኔ «ም» በቂ ዘመን ገዝታለች። ተራ ቁጥር አራት አሁን እንዲህ ይላል፦ «ከቀጠሮዎ በፊት ባለው አንድ ሳምንት ምላጭ ሰውነትዎን እንዳይነካ። ፀጉር ነውር አይደለም። ያስፈለገ እንደሆነ እኛ እናሳጥራለን።» ከሥሩ የተጻፈበትን ቀን አድርገንበታል። ከቀኑም አጠገብ አንድ መስመር እኔ ጨምሬያለሁ፦ «ይህ ወረቀት በየዓመቱ ይመርመር፤ ስህተት የተገኘበት እንደሆነ ማንም ጻፈው ማን ይቀደድ።»

በመስከረም ምላጭ ላኪልኝ ብዬሽ ነበር። አሁን ምላጭም ማሽንም አልፈልግም። ወረቀቱን አንቺም፣ እነዚያ ጓደኞችሽም አንብቡትና የተሳሳትነውን ፈልጋችሁ ላኩልኝ። በቀይ እስክሪብቶ ይሁን።

አጎትሽ እንድሪስ